ግማሹን ብቻ የሰማሁት ታሪክ

የልጄን የባሌት ጫማ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያገኘሁት አንድ ረቡዕ ማታ ነው። ወለል ስጠርግ የመጥረጊያው ጫፍ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ጥቁሩ የሸራ ጫማ ነው፤ ግራም ቀኝም። አቧራ ለብሷል፣ የአንደኛው ላስቲክ ሁለት ቦታ ሆኗል። መጀመሪያ በራሱ የተበጠሰ መስሎኝ ነበር። መብራት ሥር አድርጌ ሳየው ግን በመቀስ የተቆረጠ ነው።

ያን ላስቲክ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የባሌት ጫማ ላስቲክ በልጁ እግር እየተለካ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ነው የሚሰፋው። እኔ ለንደን ውስጥ የአውቶብስ ሹፌር ነኝ፤ ከማታ ፈረቃ ስገባ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ፣ ክሩን በምላሴ እያረጠብኩ መርፌ ውስጥ አስገብቼ የሰፋሁት ነው። ያን ምሽት ልጄን አልቀሰቀስኩትም፣ አልጠየቅሁትም። ቁጭ ብዬ አዲስ ላስቲክ ሰፋሁና ጫማውን ቦርሳው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። በማግስቱ ራሴ ወስጄ የስቱዲዮው በር ላይ አደረስኩት። የተቆረጠው ላስቲክ ምን እያለኝ እንደነበር ጠፍቶኝ አይደለም። መስማት አልፈለግሁም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ የምመካው በአንድ ሰው ታሪክ ነበር፤ በኩባዊው የባሌት ዳንሰኛ በካርሎስ አኮስታ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ኩባ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ሞተ፤ በ1979 ገና 10 ዓመቴ ሳለ፣ እንደኔው አባታቸውን ካጡ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የወጣቶች ደሴት ይሉታል። ከአፍሪካና ከሌላም አገር የመጡ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ መካከል ተሠርተው ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ፍሬ እንለቅማለን። በልተን ጠግበናል፣ ለብሰናል፣ ተምረናል፤ ለዚያ ሕዝብ ያለኝ ምስጋና እስከ መቃብሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለን፤ እጃችንን ይዞ «ና፣ ይህን ልጅ ተቀበሉኝ» የሚልልን ሰው።

ይህ ጉድለት የተሰማኝ ከሃቫና የመጡ ዳንሰኞች ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ባሳዩን ምሽት ነው። ኩባ ባሌት የሀብታም መዝናኛ ብቻ አልነበረም። አሊሺያ አሎንሶ በ1948 የመሠረተችው ቡድን ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ድጋፍ አግኝቶ ፋብሪካና እርሻ ድረስ እየሄደ ያሳይ ነበር፤ ትምህርቱም በነፃ ነው። ያን ምሽት አንድ ወንድ ዳንሰኛ ሲዘል አየሁ። አየር ላይ የቆመ መሰለኝ። በማግስቱ ወደ አንዱ አስተማሪያችን ሄጄ «ፕሮፌ፣ እዚያ እንዴት ይገባል?» አልኩት። ጥሩ ሰው ነበር፤ አልሳቀብኝም። «ልጅ በ9 በ10 ዓመቱ ወላጁ ይዞት ለፈተና ይመጣል» አለኝ። እኔ 13 ዓመቴ ነበር፤ ወላጅም የለኝም። ነገሩን በሆዴ ይዤው አደግሁ።

ዓመታት አልፈው፣ አገራችን መንግሥት ተለውጦ፣ ኩባም በችግር ተመትታ፣ ብዙዎቻችን መሄጃ አጥተን ስንበተን እኔ በስፔን በኩል ለንደን ደረስሁ። አውቶብስ መንዳት ጀመርሁ፤ አገባሁ፤ በ2005 ልጅ ወለድን። በ2007 ክረምት ሞስኮ ያለው የቦልሾይ ባሌት ለንደን መጥቶ «ስፓርታከስ»ን ሲያሳይ፣ ባሪያውን አመፀኛ ሆኖ የሚጫወተው ኩባዊው አኮስታ ነው ተባለ። ኮሊሲየም ቲያትር ላይኛው ደርብ፣ በጣም ርካሹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የ«ስፓርታከስ» ኮሪዮግራፊ በ1968 ዩሪ ግሪጎሮቪች የሠራው ነው፤ ሙዚቃው የካቻቱሪያን ነው። ወንድ ዳንሰኛን እንደዚያ የሚፈትን ሥራ ጥቂት ነው። ከመድረኩ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ እየዘለለ ያቋርጣል፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። ሴቷን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ ይቆማል። አኮስታ ሲዘል ከጣሪያው ሥር ከተቀመጥኩበት እንኳ ትንፋሼን ያዝኩ። ጥቁር ነው፣ ድሃ አደግ ነው፣ እኔ በማውቀው ስፓኒሽ ነው የሚያስበው። አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት መሐረብ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ያልሰማሁትና ያላነበብኩት የለም ብዬ አስብ ነበር። በ1973 ሃቫና፣ ሎስ ፒኖስ በሚባል የድሃ ሰፈር ተወለደ። የ11 ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ ፔድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሹፌር! ይህን ሳነብ የደም ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነበር። ልጁ መንገድ ላይ ብሬክ ዳንስ ሲጨፍር፣ ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ ምኞቱ እንደ ፔሌ መሆን ነው። አባትየው ልጁ ዱርዬ ሆኖ እንዳይቀርበት ፈርቶ በ9 ዓመቱ ባሌት ትምህርት ቤት አስገባው። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ምሳም ያበላሉ። ልጁ አልፈልግም አለ፤ የሰፈር ልጆች ሳቁበት፤ አባትየው ግን አልሰማም። በ1990 ይህ «አልፈልግም» ያለ ልጅ በ16 ዓመቱ ስዊዘርላንድ ሄዶ የሎዛንን የባሌት ውድድር በወርቅ ሜዳሊያ አሸነፈ። በ18 ዓመቱ የእንግሊዝ ናሽናል ባሌት ዋና ዳንሰኛ ሆነ፤ በዚያ ቡድን ታሪክ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የደረሰ አልነበረም። ከዚያ ሂውስተን፣ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ሮያል ባሌት። ልዑሉንም፣ ሮሜዮንም፣ ጥቁር ሰው አይጫወታቸውም የተባሉትን ሁሉ ተጫወታቸው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ አባት አስገደደ፣ ልጅ ትልቅ ሰው ሆነ። ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ፣ ማኅበር ላይ አውርቻለሁ፣ አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አውርቻለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ለልጄ አወራሁለት። 8 ዓመት ሲሞላው ስቱዲዮ ወስጄ አስመዘገብኩት።

መጀመሪያ ላይ አልጠላውም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ልጅ ነው፣ መሮጥና መዝለል ይወዳል፣ አባቱ ሲደሰት ያያል። አስተማሪዋም ጎበዝ ነበረች። ነገር ግን ባሌት ጨዋታ ሆኖ አይቆይም። ብረቱን ይዞ ቆሞ ጉልበትን በቀስታ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ እግርን መሬት እያስነኩ መግፋት፤ ይህ በየቀኑ ነው፣ ዋና ዳንሰኛም ሆኖ በየቀኑ ነው። እግርን ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ወደ ውጭ ማዞር ይለመዳል፤ አጥንት በሚፈቅደው ልክ ብቻ። ይህን የሚችለው ድግግሞሹን ራሱን የሚወድ ልጅ ነው። የኔ ልጅ በ10 ዓመቱ ዝም ማለት ጀመረ። በ11 ዓመቱ ሐሙስ ሐሙስ ሆዱን ያመዋል። ክፍሉ ሐሙስ ነበር። ባለቤቴ «ኧረ በእመቤቴ፣ ተወው ይህን ልጅ» ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት አስታውሳለሁ፤ «የአኮስታም እናት ዝም ብላ ነው ያየችው» አልኳት። ከየት አምጥቼው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሚስቴን ዝም ለማሰኘት ያወጣሁት ቃል ነበር።

13 ዓመት ሲሞላው ከአስተማሪዋ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። ልጁ ለሦስት ወር ያህል አልመጣም፤ ደህና ነው ወይ? አለችኝ። እኔ ግን በየሳምንቱ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ፣ ማታም ሲመለስ አየዋለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ፈረቃ ቀይሬ ተከተልኩት። ከስቱዲዮው ሁለት ፌርማታ አስቀድሞ ወረደ። ወደ ባቡር ሐዲዱ ሄደ። ከሐዲዱ በላይ የሚያልፍ የእግረኛ ድልድይ አለ፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀመጠና ከጃኬቱ ኪስ ደብተር አወጣ። ባቡር ሲመጣ አንገቱን አውጥቶ ያያል፣ ይጽፋል። ሌላ ይመጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይጽፋል። ደቃቅ ዝናብ ይዘንባል፤ ደብተሩን በክንዱ ይከልለዋል። ግንብ ተደግፌ 40 ደቂቃ ያህል አየሁት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጊዜ ሰውነቱ አልዛለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የማውቀው ልጅ አልነበረም። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያን ቀን ያየሁት ውሸታም ልጅ ብቻ ነበር።

ሄጄ ትከሻውን ጨበጥኩት። ደብተሩ ከእጁ ወደቀ፤ ፊቴን ከማየቱ በፊት ደብተሩን ለማንሳት ጎነበሰ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። አልመታሁትም። ቃሌ ግን ከዱላ የባሰ ነበር፤ «አባት ማጣት ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነው! እኔ የሚወስደኝ ሰው ባገኝ…» አልኩት፤ ድልድይ ላይ፣ ሰው እያለፈ። ደብተሩን ነጥቄ ወሰድኩ። ቤት ስንደርስ ቁምሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጄ ለሁለት ሳምንት ከሰላምታ ሌላ ቃል አላወራኝም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው «ዩሊ» የተባለው ፊልም የመጣው። በአኮስታ ሕይወት ላይ የተሠራ ነው፤ ዩሊ አባቱ ያወጣለት የቤት ስሙ ነው። ራሱ አኮስታም ይታይበታል፤ ሃቫና ውስጥ ከወጣት ዳንሰኞች ጋር የገዛ ሕይወቱን በዳንስ ሲያዘጋጅ። ከደሴቱ ጀምሮ ከማውቀው አብሮ አደጌ ጋር ሄድን። ድጋፍ ፍለጋ ነበር የሄድኩት፤ ልጄን ባልሰማ ትክክል ነህ የሚለኝ ፈልጌ።

አንድ ቦታ ላይ አባትየው ልጁን በቀበቶ ሲገርፍ በዳንስ ይታያል። ሙዚቃ አለ፣ የተለካ እርምጃ አለ፣ ግርፊያው ግን ግርፊያ ነው። በዓይኔ ፊት የነበረው ደግሞ ከዓለም ታላላቅ ዳንሰኞች አንዱ፣ ከ40 ዓመት ዕድሜው በኋላ ወደዚያ ቀን ተመልሶ መድረክ ላይ ሲያወጣው ነው። የተሻረ ቁስል እንዲህ አይነገርም አልኩ በልቤ። በ2007 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ወደ ቤት መመለሻ የለም» ማለት እንደሆነ ትዝ አለኝ። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ርዕሱን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌው ነበር!

ከሲኒማው ወጥተን ፌርማታ ላይ ቆመን አብሮ አደጌ አንድ ነገር አለኝ። የልጄን ነገር አያውቅም፤ ስለ ፊልሙ ብቻ ነው ያወራው። «ገርሞኛል፤ ልጁ እኮ የተለወጠው አባቱ በሌለበት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያን ክፍል አውቀዋለሁ፤ ሳወራ ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። አኮስታ በአባቱ ትእዛዝ ሃቫና ሲማር ይፎርፍ ነበር፤ ይጠፋል፣ ኳስ ሜዳ ይውላል። በመጨረሻ ተባረረ። አባትየው ያን ሁሉ አስገድዶ ያመጣው ውጤት መባረር ነበር። ከዚያ በኋላ በኩባ ምዕራብ ወደምትገኘው ፒናር ደል ሪዮ ተላከ፤ ከቤት ርቆ፣ አዳሪ ሆኖ። እዚያ ነው የኩባ ናሽናል ባሌት ሲያሳይ አንድ ዳንሰኛ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ያየው። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልገፋውም፤ ራሱ አይቶ «እንደዚህ መሆን እፈልጋለሁ» አለ። ትምህርቱ የተጀመረው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ራሞና ደ ሳ የተባለችው አስተማሪው አመነችበት፤ ወደ ጣሊያን ይዛው ሄደች፣ ለሎዛን አዘጋጀችው።

አባቱ ምንም አላደረገም አልልም። ያን በር ያሳየው እሱ ነው፤ አኮስታም አባቱን በክብር ነው የሚያነሳው። ሎስ ፒኖስ ውስጥ ለነበረ ጥቁር ልጅ ሌላው አማራጭ ምን እንደነበር አባትየው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነው። እኔ ግን ምን ፈርቼ ነበር? ልጄ ዱርዬ አልሆነም፣ አልተራበም። ድልድይ ላይ ቆሞ ባቡር ያያል። እኔ የፈራሁት በ13 ዓመቴ ፕሮፌን የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ነው። ያንን ዕዳ ለልጄ አሸከምኩት።

ያን ሌሊት ቁምሳጥኑን ከፍቼ ደብተሩን አነበብኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የባቡሩ ቁጥር፣ የመጣበትና የሚሄድበት፤ በመስመር በመስመር፣ በትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ አይቼው በማላውቀው ንጹሕ ጽሑፍ። የዘገየው ባቡር በቀይ ተጽፏል። ፉርጎና ፉርጎ የሚያያዝበት ነገር ከሦስት አቅጣጫ ተስሏል። አንድ ገጽ ላይ የሐዲዱን ሥዕል ሠርቶ፣ በደቡብ ለንደን መስመሮች ከሁለቱ ሐዲዶች ጎን የሚዘረጋውን ሦስተኛውን ሐዲድ ምልክት አድርጎበታል፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ እንደሚያልፍ፣ ኃይሉም 750 ቮልት እንደሆነ ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ባቡሩ ክፍተት ላይ ሲደርስ ለምን አይቆምም?» ይላል። እኔ ይህን አላውቅም። 13 ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ኩሽና ውስጥ ቁርሱን ሲበላ ደብተሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አልኩት። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ አልወጣም። ባቡሩ ክፍተቱ ላይ ለምን እንደማይቆም ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ እያሾፍኩበት እንዳልሆነ እስኪያረጋግጥ ድረስ አየኝ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ማስረዳት ጀመረ። ባቡሩ ሦስተኛውን ሐዲድ የሚነካው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከፊትም ከኋላም ነው፤ አንዱ ክፍተት ላይ ሲደርስ ሌላው ገና ሐዲዱን ይነካል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጠን ነበር። ሲጨርስ «ጫማውንስ?» አለኝ። «አንተ ያልከውን» አልኩት። «አንተ አስቀምጠው አባዬ፣ የሰፋኸው አንተ ነህ» አለኝ።

ሁሉም ነገር በአንድ ቁርስ ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። ሁለት ዓመት ያህል ሐሙስን በሆድ ቁርጠት ያሳለፈ ልጅ አባቱን ወዲያው አያምንም። አንድ ነገር ሲወድ አስቀድሞ ለእናቱ ይነግራታል፤ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ይህ የኔ ድርሻ ነው፤ እቀበለዋለሁ።

አኮስታ በ2015 ራሱ ባዘጋጀው «ካርመን» ሮያል ባሌትን ተሰናበተ፤ 42 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሃቫና ውስጥ የራሱን ቡድን አቋቋመ፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የበርሚንግሃም ሮያል ባሌት ዳይሬክተር ነው። ልጄ አሁን 20 ዓመቱ ነው፤ ባቡር በሚጠገንበት ዴፖ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ነው።

ባለፈው የካቲት በርሚንግሃም ሄጄ ባሌት ልይ ብዬ ትኬት ስቆርጥ «እኔም እመጣለሁ» አለኝ። አንድ ላይ በባቡር ሄድን። ቲያትሩ በር ላይ ተለያየን፤ እኔ ገባሁ፣ እሱ ወደ ኒው ስትሪት ጣቢያ ተመለሰ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ስመጣ ፕላትፎርሙ ላይ ሁለት ሻይ ይዞ ይጠብቀኛል። ባቡራችን 20 ደቂቃ ዘገየ። ለምን እንደዘገየ እስክንሳፈር ድረስ አስረዳኝ።